2.94 ይዞ ለዶክትሬት ማመልከት

ኅዳር በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ የያዙ ደብዳቤዎች ይደርሱኛል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዱ ከጎንደር፣ ሌላው ከጅማ፣ ሦስተኛው ከሮቤ ይጽፋል። ጥያቄው ግን ከአንድ ሰው የወጣ ይመስላል፤ «መምህር፣ በኢኮኖሚክስ ተመርቄአለሁ፣ ጂፒኤዬ ይህን ያህል ነው፣ የምርምር ልምድ እምብዛም የለኝም፣ ውጭ አገር ለፒኤችዲ ባመለክት ተስፋ አለኝ ወይ?» ይህን ያህል የሚባለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ2.7 እስከ 3.2 ባለው መካከል ይዋልላል። 3.8 ያለው ሰው አይጠይቀኝም። እርሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ ወይም የሚያውቀው ይመስለዋል።

ስለ ፖለቲካ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ዛሬ ስለ ትምህርት ማመልከቻ ማውራቴ ከመስመር የወጣሁ ሊያስመስለኝ ይችላል። በእኔ እይታ ግን ነገሩ ፖለቲካ ነው። ስለ አገሪቱ ምጣኔ ሀብት ማን እንደሚያጠና፣ የማን ወረዳ በመረጃ ውስጥ ገብቶ የማን ወረዳ እንደሚቀር፣ ሚኒስትሩ ፊት ቀርቦ «ጥናት እንደሚያመለክተው» የሚለው ሰው ከየት እንደሚመጣ የሚወሰነው እዚህ በር ላይ ነው። በሩ በማርክ ይከፈታል ተብሎ ይታመናል። ይህን እምነት ለመፈተን ምክንያት የሆነኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የድሬ ሼክ ሁሴን ልጅ ነው፤ ጂፒኤው 2.94።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ እንነጋገር። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ወጣት ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን አልመረጠውም፤ ተመድቦበታል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በተሠራበት የ70 በ30 የቅበላ ፖሊሲ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ሲደረግ ኢኮኖሚክስ በሠላሳው በኩል ቀረ። ይህ ማለት በመሰናዶ ቀለል ያለውን ሒሳብ የተማረው ወጣት፣ በውጭው ዓለም የዶክትሬት የመጀመሪያ ዓመቱ ከሞላ ጎደል ሒሳብ ወደሆነ ትምህርት ተላከ ማለት ነው። ይህን የወሰኑት ሰዎች ኢኮኖሚክስ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ለአንባቢ እተዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ የማርክ አሰጣጡ ጉዳይ አለ። «ኤ የእግዚአብሔር፣ ቢ የእኔ፣ ሲ የእናንተ» የምትለዋ የመምህራን ቀልድ በየግቢው የታወቀች ናት፤ ቀልድ መሆኗ የሚቀርባቸው መምህራንም አሉ። በሌላ ግቢ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ኤ ይዞ ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲመጣ፣ በትራንስክሪፕታቸው ያማሩ ብዙ ተማሪዎች ፈተናውን ሳያልፉ መቅረታቸውን ሁላችንም አይተናል። ቁጥሩ ከግቢ ግቢ ሲሻገር ትርጉሙን ይለውጣል።

እንግዲህ ይህን ትራንስክሪፕት ዊስኮንሲን ወይም ጎተንበርግ የተቀመጠ የቅበላ ኮሚቴ እጅ ላይ አድርጉት። ኮሚቴው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማመልከቻዎችን ያነባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ምናልባት ያውቀዋል፤ ከዚያ የመጡ ተማሪዎች ቀደም ሲል በክፍሉ አልፈው ከሆነ የእነርሱን ውጤት መለኪያ ያደርጋል። እንደ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን በ1999 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት የጀመሩ ተቋማት ግን በምን ይመዝናቸው? ከእነዚህ ግቢዎች የሚወጣ 2.94 ለኮሚቴው ድዳ ነው። የሚገርመው 3.9ም ድዳ መሆኑ ነው። ባለ 3.8ቱ ወዳጄ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እርሱም በኅዳር ይጽፍልኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ሰው ማታለል አልወድም። ማርክ ዋጋ የለውም ብሎ የሚያጽናና ካለ አትስሙት። የማክሮ፣ የማይክሮና የኢኮኖሜትሪክስ የመጀመሪያ ዓመት የዶክትሬት ኮርሶች ተማሪ የሚጥሉ ናቸው፤ ኮሚቴው አስቀድሞ የሚፈራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው ጂፒኤ ይልቅ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ የተጻፉባቸውን አራት አምስት መስመሮች ይፈልጋል። በስፖርትና በሲቪክስ የተገኘ ኤ ጂፒኤን ያደምቃል እንጂ እዚያ አይቆጠርም። የእኔ ተማሪ በመጀመሪያው የሒሳብ ኮርስ ሲ አለው፤ በመጨረሻው ዓመት ኢኮኖሜትሪክስ ግን ኤ። በእነዚህ ሁለት ፊደላት መካከል ሦስት ዓመት አለ። 2.94 የሚለው ቁጥር ሦስቱን ዓመታት ጨፍልቆ ያስቀራቸዋል።

ኮሚቴዎቹ ራሳቸውስ ምን ያህል ያውቃሉ? እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት የታወቁ ኢኮኖሚስቶች፣ ሱዛን ኤቲ፣ ላውረንስ ካትዝ፣ አለን ክሩገር፣ ስቲቨን ሌቪትና ጄምስ ፖተርባ፣ በአሜሪካ ዋና ዋና የኢኮኖሚክስ ክፍሎች ውስጥ ይህን ጉዳይ መርምረው ነበር። የቅበላ ኮሚቴ ለአንድ አመልካች የሰጠው ደረጃ የመጀመሪያ ዓመት ማርኩንና ትምህርቱን መጨረስ አለመጨረሱን በተወሰነ ደረጃ ይተነብያል፤ በመጨረሻ የት እንደሚቀጠር ግን አይተነብይም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኮንሊና ኦንደር የተባሉ አጥኚዎች የዶክትሬት ምሩቃንን የምርምር ውጤት ሲያነጻጽሩ፣ ከስመ ጥሮቹ ክፍሎች የሚወጣው መካከለኛ ምሩቅ እንኳ የሚያሳትመው እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ከታችኞቹ ክፍሎች የሚወጡት የላይኞቹ ተማሪዎች ደግሞ እንደሚበልጡት አሳይተዋል። በሩን የሚጠብቁት ሰዎች ራሳቸው በጭጋግ ውስጥ ናቸው። ለዚህም ነው በእምነት የሚጠጉበት ምስክር የሚፈልጉት።

ስለ ምስክር ሳስብ ድሬ ሼክ ሁሴን ትዝ ይለኛል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለአረፋ በዓል ይኸው ተማሪዬ ቤተሰቡ ዘንድ ጋበዘኝ። ከሮቤ ተነስተን በጎሮና በጊኒር አድርገን፣ ጃራን አልፈን፣ ከስንዴው ደጋ ወደ ግራሩ ቆላ ወረድን። ስፍራው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በዕጩነት የተመዘገበ ነው፤ በኖራ የነጡት ግንቦች ከሩቅ ይታያሉ። ለዚያራ የሚመጣው ሕዝብ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከባሌ ዳር እስከ ዳር ይጎርፋል፤ ሙስሊም ያልሆነም በመካከሉ አለ። ባህሮ የተባለው ዝማሬ ሌሊቱን ሙሉ አይቋረጥም። ብዙዎቹ ዘያሪዎች ጫፉ ሹካ የሆነ በትር ይይዛሉ፤ ኡሌ ሼክ ሁሴን ይባላል። ይህን በትር ይዞ የመጣ እንግዳ በመንገዱ ባሉት መንደሮች ይስተናገዳል፤ ማንነቱን ሳያውቁ ምግብና ማደሪያ ይሰጡታል።

የኢኮኖሚክስ ሰው ከዚህ በኋላ አርፎ አይቀመጥም። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አሠሪ የሠራተኛውን ችሎታ በዓይኑ ሊያይ ስለማይችል በምልክት እንደሚመራ፣ ምልክቱም የሚታመነው ችሎታ ለሌለው ሰው ውድ ሲሆን ብቻ እንደሆነ አስረድቶ ነበር፤ ለዚህና ተያያዥ ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከአኬርሎፍና ከስቲግሊትዝ ጋር ተካፍሏል። በትሩ ግን ምንም አያወጣም። ማንም ሰው ከጫካ ሹካ እንጨት ቆርጦ ዘያሪ ነኝ ሊል ይችላል። የተማሪዬ እናት ለበዓሉ የመጡ የማያውቋቸውን ሰዎች ሲያስተናግዱ አይቼ ይህንኑ ጠየቅኋቸው፤ በትር ይዞ የሚያታልል ቢመጣስ? ልጃቸው ወደ ኦሮምኛ ተረጎመላቸው። እናትየው ሳቁብኝና፣ «እግሩን አያለሁ» አሉ። ከሐረርጌ በእግሩ የመጣ ሰው እግሩ ይናገራል፤ በትሩን የሚያዩት እግሩን እንዲመለከቱ ስለሚያስታውሳቸው ነው።

የቅበላ ኮሚቴም እንዲሁ ነው። ማርኩን አይቶ ወደ እግር ይወርዳል። በዶክትሬት ማመልከቻ ውስጥ እግሩ የሚታየው በሁለት ቦታ ነው፤ ራሱ በሠራው ጥናትና አብሮት የሠራ ሰው በሚጽፍለት ደብዳቤ። የእኛ ልጆች የሚወድቁት ከማርኩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥናቱን እንይ። የተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ «የውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ዕድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነበር። በዚህ ርዕስ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ስንት እንደሆኑ ፈጣሪ ይቁጠራቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመታዊ ቁጥር ከዓለም ባንክ ይወርዳል፣ ኤአርዲኤል የተባለው ስልት ይጫንበታል፣ ሶፍትዌሩ ኮከብ ያለባቸውን ቁጥሮች ይተፋል፣ በመጨረሻም መንግሥት ኢንቨስትመንትን እንዲያበረታታ ይመከራል። መንግሥትም ያለ ምክሩ ያበረታታል። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም፤ አንድ አማካሪ በደርዘን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሲመደቡበት፣ ለመስክ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ሳይኖር፣ ከወንበር ሳይነሱ የሚጨረስ ርዕስ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ይህን ለኮሚቴ «የምርምር ልምድ» ብሎ መላክ ከማንም ጋር መመሳሰል ነው።

በዚያው በዓል ሰሞን፣ ማታ ከቤቱ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ስለ አጎቱ ሥራ ጠየቅሁት። አጎቱ ደጋው ላይ፣ በሲናና ወረዳ፣ የኮምባይነር ደላላ ነው። የባሌን ደጋ ያላየ አንባቢ ካለ፣ ስንዴው እስከ አድማስ የተነጠፈበት፣ አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሮች ከአካባቢ አካባቢ እየተጓዙ በኪራይ የሚያጭዱበት አገር ነው። ዋጋው በኩንታል ይቆረጣል፤ ባለ ኮምባይነሩንና ገበሬውን የሚያገናኘው ደላላው ነው። ተማሪዬ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በእረፍት ጊዜው አጎቱን ሲያግዝ፣ በኮሚሽን ክርክር እንዳይነሳ በደብተር ይመዘግብ ነበር። ቀኑ፣ ቀበሌው፣ ማሳው ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ የወጣው ኩንታል፣ የተቆረጠው ዋጋ፣ ገበሬው ኮምባይነር እስኪመጣለት ስንት ቀን እንደጠበቀ፣ በዚያ ቀን ሰማዩ ደመና ይሁን ጥርት ያለ። የሁለቱንም ወቅት፤ በአገሬው አጠራር የገናውንም የቦናውንም። ገና ስል በዓሉን ማለቴ አይደለም፤ በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል፣ ሌላው አገር በልግ የሚለውን እዚያ ገና ይሉታል፤ ቦና ደግሞ መኸሩ ነው።

ደብተሮቹን ማየት እንደምፈልግ ስነግረው አፈረ።

«መምህር፣ ይኼ እኮ የደላላ ደብተር ነው» አለኝ።

«ለምንድን ነው ደመናውን የመዘገብከው?»

«ደመና ሲመጣ ዋጋው ስለሚጨምር ነዋ። አጎቴ ኋላ ላይ 'ለምን ተወደደብኝ' ለሚል ገበሬ እንዲያሳይ።»

«ትንንሽ ማሳ ያላቸውስ?»

«እነሱ መጨረሻ ነው የሚደርሳቸው። ለግማሽ ሄክታር ብሎ ኮምባይነር መንገድ አይቀይርም። ከጎረቤት ጋር አብረው ካልተስማሙ ዝናብ ይመታባቸዋል። እንግዲህ ሁሉም ያውቀዋል።»

ሁሉም ያውቀዋል ማለት በባሌ ደጋ ላይ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው። በኢኮኖሚክስ መጽሔቶች ላይ የሚጽፉት ሰዎች ግን ብዙዎቹ አያውቁትም። በጥድፊያ ወቅት የማሽን አገልግሎት ገበያ ዋጋው እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ወረፋው ድሀውን እንዴት እንደሚገፋ፣ ደላላው ጥቅም ይሰጣል ወይስ ይጎዳል የሚሉት ጥያቄዎች በዓለም ላይ ያሉ የልማት ኢኮኖሚስቶች የሚጓጉላቸው ናቸው። መልሱ የተጻፈበት መረጃ የሼክ ሁሴን ልጅ ሳጥን ውስጥ፣ በአራት የተማሪ ደብተር ላይ ተኝቷል። እርሱ ግን «የምርምር ልምድ የለኝም» እያለ ነበር።

ይህ የግል ወሬ ብቻ ነው ለሚለኝ፣ የባሌን ስንዴ ታሪክ ላስታውስ። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን በሰፊው ይዘሩ የነበሩ ዝርያዎች መታቸው። ገበሬው ያንን ተወና ዲጋሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ፤ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበርና። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ዲጋሉን በባሌና በአርሲ አወደመው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ። ገበሬ ለምን በአንድ ዝርያ ላይ ይረባረባል? ዘሩን ማን ያቀርብለታል? ከውድመቱ በኋላ ዕዳውን እንዴት ከፈለ? ይህን የሚጠይቅ ኢኮኖሚስት በዚያ ሰሞን ሮቤ ላይ ስንት ነበር? የግብርና ተመራማሪዎቹ በሽታውን ተከታትለዋል፤ ምስጋና ይድረሳቸው። የገበሬውን ኪስ የተከታተለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በዓለም የኢኮኖሚክስ ክፍሎች ዘንድ ኢትዮጵያ ከታወቀችባቸው መረጃዎች አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኦክስፎርድ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እስከ 2009 ድረስ በተከታታይ ዙር የሰበሰቡት የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ነው። በ15 መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ተከታትሏል፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው የዶክትሬት ጽሑፎች ወጥተውበታል። ታላቅ ሥራ ነው። ከአሥራ አምስቱ መንደሮች አንዱም በባሌ የለም። አጥኚዎቹን አልወቅስም፤ አሥራ አምስት መንደር አገር ሙሉ አያዳርስም። ነገር ግን እነዚያን መንደሮች የሚያስታውስ ፕሮፌሰር ባሌ የሚባል አገር መኖሩን እንዲያውቅ የባሌ ልጅ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የምስክርነት ደብዳቤ፣ እኛ ሪኮመንዴሽን የምንለው፣ በአገራችን የፊርማና የማኅተም ጉዳይ ሆኗል። «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የሚል መምህር እንደ ደግ ሰው ይቆጠራል። ተማሪዬ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ያገኘው የመጀመሪያው ደብዳቤ አምስት መስመር ነበር፤ ሰዓት አክባሪ፣ ታዛዥና ጥሩ ሥነ ምግባር ያለው መሆኑን ይመሰክራል። ለጥበቃ ሥራ ቢሆን ወዲያው ያስቀጥረው ነበር። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፤ በሌላም ግቢ ያው ስለሆነ መጥራቱ ፍትሐዊ አይሆንም። መቶ ሃምሳ ተማሪ በአንድ አዳራሽ የሚያስተምር ሰው ማንን አውቆ ምን ይጻፍ?

እኔ ያስተማርኩት አንድ መንፈቅ ብቻ ነው፤ ኢኮኖሜትሪክስ። የማስታውሰውም በአንድ ጥያቄው ነው። ስለ እህል ምርት የተሰበሰበ መረጃ ሰሌዳ ላይ ሳሳይ እጁን አነሳና፣ «የበልጉ ምርት የት ገባ?» አለ። መረጃው የመኸሩን ብቻ የያዘ ነበር፤ ለአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ለባሌ ግን የዓመቱን ግማሽ የመጣል ያህል ነው። በደብዳቤዬ ላይ ይህን ጻፍኩ። ሲውን አልሸሸግሁም፤ መቼና በምን ሁኔታ እንደመጣ፣ ከዚያም በኋላ የሒሳብ ማርኮቹ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደወጡ አስረዳሁ። ደብተሮቹን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ አብሬው ስለሠራሁ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚቀረው ጻፍኩ። ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፈለት የግብርና ተመራማሪ ነው፤ ለመስክ ጥናቱ መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጥሮት ነበርና መጠይቁን እንዴት እንደያዘ ያውቃል።

በአንድ ነገር ተጨቃጨቅን። የጽሑፍ ናሙናው የመመረቂያ ጽሑፉ እንዲሆን ፈለገ፤ «እሱ ቢያንስ ሞዴል አለው» አለኝ። እኔ ከደብተሩ የወጣች አሥራ ሁለት ገጽ ትላክ አልኩ። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለቱንም በየተራ ላከ፤ ለአንዳንዱ ይህን፣ ለሌላው ያን። ይህም የኢኮኖሚስት ብልሃት መሆኑን አልክድም።

የገንዘቡ ነገር ሌላ ምዕራፍ ነው። ጂአርኢ የተባለው ፈተና ያኔ 220 ዶላር ነበር። ተማሪዬ ለፈተናውና ለጥቂት ማመልከቻዎች የሚሆን ብር ያጠራቀመው ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ፈተናው በዚያ ሒሳብ 12,500 ብር ያህል ይሆናል። ከአረፋ በዓል በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ታኅሣሥ ላይ ዶላሩ በባንክ ከ120 ብር በላይ ሆኖ ነበር፤ ያው ፈተና ከ26,000 ብር በለጠ። ስለ ምንዛሪ ለውጡ ጥቅምና ጉዳት በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ተባብለናል፤ ውሳኔው ይዘገይ እንጂ የማይቀር ነበር ብዬም ጽፌአለሁ። የዚያን ሰሞን ግን አንድ የሮቤ ልጅ ስምንት ዩኒቨርሲቲ የነበረውን ዝርዝሩን ወደ አራት ዝቅ ሲያደርግ አይቻለሁ። በዚያ ላይ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ዕዳ አለ፤ ዕዳው ሳይወራረድ ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕት አይሰጥም። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳለት በጨዋ ቋንቋ መጠየቅ የሚቻል መሆኑን፣ ጂአርኢ የማይጠይቁ ክፍሎችም መኖራቸውን ብዙ ልጆች አያውቁም። ይጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ ስለተማሩ የቋንቋ ፈተናውን የሚያነሱ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ።

የአሜሪካው በር ብቻውን በር አይደለም። ናይሮቢ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኮንሰርቲየም ከ2002 ጀምሮ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የጋራ የዶክትሬት መርሐ ግብር ዘርግቷል። የስዊድኑ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ክፍል በስዊድን የልማት ድርጅት ድጋፍ በርካታ ኢትዮጵያውያንን ለዶክትሬት አብቅቷል፤ ከእነርሱም ተመልሰው የሚያስተምሩ አሉ። አውሮፓ ውስጥ ዶክትሬት ብዙ ቦታ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ችግሩ አስቀድሞ ማስተርስ መጠየቁ፣ የማስተርስ ክፍያውም መወደዱ ነው። በነጻ ያስተምር የነበረው የኖርዌይ መንግሥት እንኳ ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ አስገብቷል። በአገር ውስጥ ደግሞ ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም አዲስ አበባ ላይ ባካሄዳቸው ጥናቶች ረዳት ሆነው የሠሩ ወጣቶች በየጊዜው ወደ ጥሩ ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሻገሩ ታይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስማቸውን ጠርቶ የሚጽፍ አለቃ ነበራቸው። ለሌላው ደግሞ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችንና ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየዙሩ የሰበሰቡት የቤተሰብ ጥናት መረጃ በነጻ የሚወርድ ነው። ኢንተርኔት በሚገኝበት ማታ ሮቤ ላይ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ መመለስ ይቻላል። የማስተርስ ደረጃውን እንደ ውርደት የሚቆጥር ካለ ይተወው፤ 2.94 ላለው ሰው ጥሩ ማስተርስ ሁለተኛ ትራንስክሪፕትና አዲስ ምስክሮች ይሰጠዋል።

ውጤቱ ምን ሆነ ለሚል አንባቢ ልናገር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አራት ማመልከቻ ላከ፤ ሁለት ለአሜሪካ፣ ሁለት ለአውሮፓ። መጋቢት ላይ ሁለቱም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አልተቀበሉትም፤ ወቅቱ የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ ቆርጦ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ቅበላቸውን የቀነሱበት ስለነበር የእርሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ መለየት አይቻልም። አንዱ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የተቀበለው ነው፤ እስካሁን መልስ አልሰጠም፣ ከእንግዲህም አይሰጥም። ሌላው የላከለት ናሙና ደብተሩ ነበር። ከዚያ አንድ ፕሮፌሰር በግሏ ጻፈችለት፤ የዶክትሬት ቦታ ልትሰጠው እንደማትችል፣ ነገር ግን በማስተርስ ቢገባና የነጻ ትምህርት ዕድሉ ቢሳካ ደብተሮቹን አብራው ማየት እንደምትፈልግ። በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቃዋለች። የመጀመሪያው፣ ኮምባይነሩ ሳይደርስላቸው የቀሩት ገበሬዎች በደብተሩ ላይ አሉ ወይ የሚል ነው።

የሉም። ደላላ የሚመዘግበው የተሳካውን ውል ብቻ ነው። ተማሪዬ ይህን ሲረዳ ለሁለት ቀን አልደወለልኝም። በሦስተኛው ቀን ከሲናና ደወለ፤ ከአጎቱ ጋር ሆኖ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ፣ በዚያ ዓመት ማሳቸው ዝናብ የመታባቸውን ሰዎች ስም እየጠየቀ ነበር። ከበስተጀርባው ሰዎች ሲከራከሩ ይሰማኝ ነበር፤ አንዱ የእርሱ ማሳ የተመታው በቦና ነው ይላል፣ ሚስቱ ደግሞ በገና ነው ትለዋለች።